ሲ ናይን ኮርድ ሲገለበጥ ስሙ ይቀየራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኪቦርድ እየተለማመድኩ ሲ ናይን የሚባለው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ላይ ግራ ገባኝ። ኖታዎቹ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት እና ዲ ናቸው። ዲን ከታች አድርጌ በግራ እጄ ስመታው ድምፁ ይደፈርሳል። ሲን ትቼ ከኢ ስጀምር ደግሞ የስልኬ አፕ «ኢ ማይነር ሰቨን ፍላት ፋይቭ» ይለኛል። የቱን ልመን?

የግራ እጅ፦ እህቴ፣ አፑ አልተሳሳተም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም። ኢ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ ለብቻቸው ሲሰሙ አፑ ያለው ናቸው። ቤዙ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) ሥር ሲን ከመታ ግን ያው አራት ኖታ ሲ ናይን ይሆናል። ኮርዱ ወዴት እንደሚሄድም እይው። ሲ ናይን ወደ ኤፍ ይስባል። የአፑ ኮርድ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኤ ሰቨን ነው የሚሄደው።

ባለ 5 ኖታ ኮርድ 4 ኢንቨርዥን (ከመነሻው ኖታ ሌላ ኖታ ከታች የሚሆንበት ግልባጭ) አለው፤ ዲ ከታች ያለበት አራተኛው ነው። ዲና ኢ ጎረቤት ናቸው። ወፍራሙ ድምፅ ጋ ሲጠጋጉ ይደፈርሳሉ፣ መሃል ኪቦርድ ላይ ግን ያምራሉ። ይህን ሞክሪ፦ መሃል ላይ ከታች ወደ ላይ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ያዢ። ከዚያ ቢ ፍላትን ወደ ኤ፣ ዲን ወደ ሲ አውርጂ። ኢና ጂ አይነቃነቁም። ቤዙ ኤፍ ከመታ ኤፍ ሜጀር ናይን ደረስሽ ማለት ነው። እኔ ኢንቨርዥን የገባኝ ያን ቀን ነው።

የጊታር ሰው፦ በጊታርም ያው ነው። 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ 4ኛው ክር 2ኛ፣ የቀሩት ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች 3ኛ ፍሬት። ይሄ ሲ ናይን ነው። 5ኛውን ክር ዝም አሰኚው፣ የአፑ ኮርድ ይቀራል።

ቤዚስት፦ እጅሽ ካልበቃ ጂን ተዪው። ሲን እኔ እይዝልሻለሁ። ኢንና ቢ ፍላትን ግን እንዳትነኪ፣ የኮርዱ ጠባይ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

የግራ እጅ፦ ልክ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ ፍላት ፋይቭ ወይም ሻርፕ ፋይቭ (አምስተኛዋ ዝቅ ወይም ከፍ ያለች) ከተጻፈ አምስተኛዋ፣ ማለትም ጂ የነበረችው፣ አትተውም።

ጠያቂ፦ ሞከርኩት! ሁለት ጣት ብቻ አንቀሳቅሼ ኤፍ ላይ አረፍኩ። ጂን ወደ ኤ ባወጣውስ?

የግራ እጅ፦ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤ፤ ሲ 13 ሆነልሽ፤ ኤ ከሲ ስትቆጥሪ 13ኛዋ ናት። 11ኛዋን ኤፍ አትጨምሪባት፣ ከኢ ጋር ትጣላለች። ወደ ኤፍ ሜጀር ናይን ስትሄጂ ኤን ወደ ጂ መልሻት።