ክሎሪኑ ይቅር ወይስ ይብዛ?

የማርቆሱ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ክረምቱ ከገባ የቧንቧችን ውሃ በረኪና በረኪና ይላል፣ ቡናው ሲቀዳ እንኳ ሽታው ከስኒው ይወጣል። ክሎሪን ካንሰር ያመጣል ይባላል፣ ታዲያ ለምን ጨርሰው አይተውትም? እኔ ለልጆቼ ከምንጭ ማስቀዳት ጀምሬያለሁ።

የቡሬዋ ነርስ፦ ወንድሜ በእናትህ ልጆቹን ምንጭ አታጠጣብኝ። አተት ሲገባ ድንኳን ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ጠዋት በእግሩ የመጣ ጎረምሳ ማታ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳውን ቆንጠጥ ስታደርገው እንደተቆነጠጠ ይቀራል። ኮሌራ በሰዓታት ነው የሚገድለው!

የማርቆሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ እህቴ፣ ግን ልጄ ክሎሪኑን እድሜ ልኩን ሊጠጣው ነው እኮ።

የውሃ ላቦራቶሪው፦ ጣጣው ክሎሪኑ ብቻውን አይደለም። ቅጠልና አፈር ያለበት ውሃ ላይ ሲጨመር ነው በካንሰር የሚጠረጠሩት ክሎሮፎርምና መሰሎቹ የሚፈጠሩት፣ ሩክ የሚባል ሆላንዳዊ በ1974 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም የሰጠው ጣሪያ በሊትር 0.3 ሚሊግራም ነው፣ አሜሪካ ለ4ቱ ትራይሃሎሜቴኖች (ለክሎሮፎርምና ለ3 መሰሎቹ) ድምር 0.08 ብላለች። ስለዚህ ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ክሎሪን መከመር ሳይሆን መጀመሪያ አሉም በሚባል ጨው አርግቶ በአሸዋ ማጣራት ነው፣ ድፍርሱ እኮ ክሎሪኑንም ይበላዋል ጀርሙንም ይደብቀዋል። ክሎሪኑን መተው ግን በጭራሽ! ካናዳ ዋከርተን በ2000 እ.ኤ.አ. ዝናብ የከብት እበት ወደ መጠጥ ውሃው ጉድጓድ አስገብቶ፣ ክሎሪኑም በወጉ ሳይጨመር 7 ሰው ሞቷል። የእኛ ምንጭ አጠገብስ ከብት አይውልም?

የሞጣው፦ እኛ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለነውስ? ውሃው ስንት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ጀሪካን ጭቃ ነው፣ ባዶ የከረመ ቧንቧ በስንጥቁ ፍሳሽ ይስባል። ለእኛ ይብዛ ነው የምለው።

የውሃ ላቦራቶሪው፦ ወንድሜ፣ ምንጩ ላይ ቢበዛ አጠገቡ ያለው ይሸተዋል፣ አንተ ጋ ግን ላይደርስ ይችላል። መሀል መስመር ላይ መጨመር ይሻላል። ቧንቧህ ላይ በሊትር 0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ክሎሪን መቅረት አለበት፣ ክሎሪን መፈተሻውን የዲፒዲ ኪኒን ስትጥልበት ውሃው ሮዝ ካልሆነ ክሎሪን የለውም ማለት ነው።

የቡሬዋ ነርስ፦ እስከዚያው የሞጣው፣ ጭቃውን አስተኝተህ፣ በነጠላ አጣርተህ፣ ከዚያ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ጨምርበት። 30 ደቂቃ ሳይሞላ ለልጆች እንዳትሰጥ።

የማርቆሱ፦ እሺ ምንጩን ትቻለሁ። ግን ጋሼ፣ ክሎሮፎርሙን በከተማችን የሚለካው ማነው? ሮዙን እኔም ማየት እችላለሁ፣ ያንን ግን አላይም፣ ውጤቱን ቀበሌ በር ላይ ለምን አይለጥፉልንም?