ስለ ሙታን መንፈስ የሚተርኩ ድራማዎች፦ ሃያስያን የሚመዝኑት በምንድን ነው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ላይ ጥቂት ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ተከታታይ ድራማ አይተን እንወያያለን፤ ሰሞኑን የያዝነው ስለ ሙታን መንፈስ የተሠሩትን ነው። «ጎስት ዊስፐረር» እና «ሚዲየም» ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩ፣ ሁለቱም ሙታን የሚያናግሯትን ባለትዳር ሴት ታሪክ የሚተርኩ የአሜሪካ ድራማዎች ናቸው። ሆኖም ሃያስያኑ ይበልጥ ያከበሩት «ሚዲየም»ን ነው፤ መሪ ተዋናይቱ ፓትሪሺያ አርኬትም በዚያው ዓመት ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት አግኝታበታለች። «ጎስት ዊስፐረር» ግን አምስት ምዕራፍ ያዘለቀው ተመልካች እያለው ስሜት ማባባት ያበዛል ተብሎ ተነቅፏል። እናቴና ጎረቤቶቿ ቡና ይዘው አብረውን ሲያዩ አንጀታቸውን የበላው ይኸው የተነቀፈው ነው። ልዩነቱ የሥራው ጥራት ነው ወይስ የመመዘኛው? የምታውቁ ብታስረዱን።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ እኔ የጥራት ነው እላለሁ። በ«ሚዲየም» ሴትዮዋ በሌሊት ከቅዠት ስትባንን አጠገቧ የተኛው ባሏም ይነቃል፤ እሱ ጠዋት ሥራ ይገባል፣ ሦስት ሴቶች ልጆች ቁርስ በልተው ትምህርት ቤት መሄድ አለባቸው። ሙታኑ የሚመጡት ይህን ሁሉ ኑሮ አቋርጠው ስለሆነ ጭንቀቷ እውነት ይመስላል። በሌላው ግን መንፈስ ይመጣል፣ ቂሙ ይታወቃል፣ ዘመድ ያለቅሳል፣ መንፈሱም ወደ ብርሃን ይሄዳል፤ ሁለት ክፍል ያየ ሰው የሦስተኛውን መጨረሻ ይገምታል። ማይክ ፍላናጋን እ.ኤ.አ. በ2018 ለኔትፍሊክስ የሠራው «ዘ ሆንቲንግ ኦፍ ሂል ሃውስ» የተወደሰውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። (ያላያችሁት ይህን እለፉት።) ኔል የምትባለውን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታስጨንቃት አንገቷ የተሰበረ ሴት፣ ራሷ ኔል በሞቷ ሰዓት መሆኗ በአምስተኛው ክፍል መጨረሻ ሲገለጥ፣ ከዚያ በፊት ያየነው ፍርሃት ሁሉ ወደ ሐዘን ይለወጣል። የመጨረሻው ክፍል ሁሉንም ለማጽናናት በመቸኮሉ ሲተች ግን ትችቱ ተገቢ ነበር።

እመት ዘሀራ (ወልድያ)፦
ልጆቼ፣ መልሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጎደለው አለ። ሃያሲው መንፈስ ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የምን ምሳሌ ነው?» ብሎ ሲሆን፣ በእኛ አገር ትልልቅ ሰዎች ግን «ምን ፈልጎ መጣ?» ነው የሚሉት። «ጎስት ዊስፐረር» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቆመው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ባለታሪኳ ሜሊንዳ በሟችና በቋሚ መካከል የምትመላለሰው የወሎ አበጋር (አስታራቂ ሽማግሌ) በተጣሉ ወገኖች መካከል እንደሚመላለሰው ነው። የእርቅ ሥርዓት አካሄዱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ድግግሞሹ ብቻውን ነውር አይሆንም፤ በደሉ በየጊዜው ሌላ ነውና። እኔን ቅር የሚለኝ በሌላ በኩል ነው። በእኛ እርቅ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ይክሳል፣ ቃልም ይገባል፤ በድራማው ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እንባ ብቻ ይበቃል። ሃያስያኑ እንባው በዛ ከሚሉ ይልቅ ካሳው ቀረ ቢሉ ኖሮ እኔም ከእነሱ ጋር እስማማ ነበር።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦
እመት ዘሀራ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ እናመሰግናለን። እንግዲያውስ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን፣ በ2013 ዓለም አቀፍ ኤሚ ያገኘውን የፈረንሳዮቹን «ሌ ሬቭናን» ጨምሩበት። በአውቶቡስ አደጋ ከሞተች ዓመታት ያለፏት ልጅ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ቤቷ ገብታ የሚበላ ነገር ትፈልጋለች፤ እናቷም እንዳታስደነግጣት ተጠንቅቃ ታናግራታለች። እንደ እሷ የተመለሱት ሙታን የፈለጉትን ማንም አያውቅም፤ ድራማውም አይናገርም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
እናታችን፣ እግዜር ያክብርልን። ለመጪው ቅዳሜ የፈረንሳዮቹን የመጀመሪያ ክፍል እንይዛለን። እናቴና ጎረቤቶቿ ጽሑፍ ማንበብ ስለሚያደክማቸው በአማርኛ የተተረጎመ ያለው ካለ ቢጠቁመን፤ ከሌለ እኛው እያቆምን እንተረጉምላቸዋለን።