ለሚጎትት ፒክአፕ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ፦ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ጥያቄው፦ ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ ያለው ሰው አምራቹ ከገጠመለት የሚበልጥ ወይም ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ እንደ ፈቃዱ ማስገጠም ይችላል? ወይስ ሕግ ሊከለክለው ይገባል?

የረጅም መንገድ አሽከርካሪ፦ ይከልከል የሚሉት ተሳቢ ጎትተው የማያውቁ ይመስሉኛል። ባዶውን በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ ፒክአፕ 2,500 ኪሎ ግራም ተሳቢ ሲታሰርበት 18 ሊትር ቢፈጅ የሚደንቅ አይደለም። ፊቱ ሰፊና ቀጥ ያለ ተሳቢ ከሆነ ደግሞ ነፋሱን መግፋት ብቻውን ነዳጅ ይጨርሳል። 800 ኪሎ ሜትር ያስኬድ የነበረው 80 ሊትር 440 ላይ ይነጥፋል። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የሚነዳ ሰው ስለሌለ 350 ላይ ማደያ ፍለጋ ይጀመራል። ማደያ ውስጥ ተሳቢ ይዞ መዞር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ መውጫው ይጠባል፣ ተሳቢው የነዳጅ መቅጃውን ሊገጭ ይደርሳል፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ይነፋል። 100 ሊትር ይጨመርልኝና ተሳቢው ገና ሳይታሰር ሞልቼ ልውጣ። ማንን በደልሁ?

የተሽከርካሪ መሐንዲስ፦ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መኪናዎ ሰውንና ዕቃን ጨምሮ 900 ኪሎ ግራም ይሸከማል እንበል። ተሳቢ በመጎተቻው መንጠቆ ላይ የሚጥለው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ዝቅተኛውን ብንወስድ 250 ኪሎ። አራት ሰዎች 320። 100 ሊትር ናፍጣ 84 ያህል፣ ታንኩ ከነማሰሪያው 30። ለሻንጣና ለመሣሪያ የቀረዎት 216 ኪሎ ነው። ይበቃኛል ይሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ መንጠቆው ያለው ከኋላ አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚይዘው ዘንግ) በስተኋላ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 3.2 ሜትር፣ ከኋላ አክስል እስከ መንጠቆው 1.2 ሜትር ከሆነ ያ 250 ኪሎ በኋላ አክስል ላይ 344 ሆኖ ያርፋል፤ ከፊት ጎማዎች ላይ ደግሞ 94 ኪሎ ያነሣል። መሪ የሚታዘዙትና ከፍሬን ሥራ የሚበዛውን የሚሠሩት እነዚያው የፊት ጎማዎች ናቸው። በትርፍ ጎማው ቦታ፣ ከአክስሉ ኋላ፣ ሌላ ታንክ ሲያስገቡ ነገሩን ያባብሱታል። ጠቅላላ ክብደቱ ከገደቡ በታች ሆኖ የኋላ አክስሉ ብቻውን ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል። ሰው ግን የሚያየው ጠቅላላውን ነው። ባሌስትራ (አክስሉ ላይ ያለውን ክብደት ተሸካሚ ምንጭ) አስጠነክራለሁ የሚለው መልስም አይሠራም፤ ባሌስትራ ቢጠነክር የአክስሉና የጎማው አቅም አይጨምርም።

የረጅም መንገድ አሽከርካሪ፦ ከኋላ ይግባ ያለ ማን ነው? ካሶኒው (የጭነት ሣጥኑ) ውስጥ፣ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ ይታሰራል። ያ ከአክስሉ በፊት ስለሆነ ከክብደቱ ከፊሉ ለፊት ጎማዎች ይደርሳል። ደግሞም ነዳጅ እየሄድን የሚቀንስ ጭነት ነው፤ ሻንጣ አይቀንስም።

የተሽከርካሪ መሐንዲስ፦ በቦታው ተስማምተናል። የሚቀንስ መሆኑ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ግማሽ የደረሰ ታንክ በእያንዳንዱ መታጠፊያና በእያንዳንዱ ፍሬን ውስጡ ይናወጣል።

የብየዳ ባለሙያ፦ እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ለዚያ መድኃኒቱ ውስጡ ላይ ቀዳዳ ያላቸው ክፍልፋዮች መበየድ ነው፤ ነዳጁ በቀዳዳዎቹ ቀስ ብሎ ያልፋል እንጂ ባንዴ አይወረወርም። ብዙ ርካሽ ሥራዎች ይህ የላቸውም፤ ከውጭ ስለማይታይ ማንም አይጠይቅም። መተንፈሻውም እንዲሁ። መኪናው ቢገለበጥ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ግን ቱቦ ሰክቶ ይተወዋል። እስከ አፉ መሙላትም ልክ አይደለም፦ 150 ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሊትር ያህል ያብጣል፣ ያ የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ነው። አይዝግም ተብሎ ይመረጣል፤ ናፍጣ ከዚንኩ ጋር ሲቆይ የሚፈጠረው ዝቃጭ ፊልትሮ ይደፍናል፣ ኢንጀክተር ያበላሻል። አሉሚኒየም ወይም ያልተለበጠ ብረት ይሁን።

የቤንዚን ፒክአፕ ባለቤት፦ እናንተ የምታወሩት ስለ ናፍጣ ነው። ለእኔስ?

የተሽከርካሪ መሐንዲስ፦ ለእርስዎ መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። የናፍጣ ትነት በእሳት የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ካሶኒ ውስጥ በላሜራ ሣጥን የተቀመጠ ቤንዚን አልደግፍም። ለመኪናው ዓይነት ተብሎ የተሠራና የተፈተነ መተኪያ ታንክ ካገኙ ሌላ ጉዳይ ነው።

የረጅም መንገድ አሽከርካሪ፦ እንግዲህ ክልከላ ምን እንደሚያመጣ ልንገራችሁ። ታንኩ ቢከለከል ሰው ጉዞውን አይተውም፤ ጀሪካን ይጭናል። ክዳኑ የላላ ጀሪካን ከኋላ ወንበር ሥር ያስቀምጣል፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሞተሩ ትኩስ ሆኖ፣ በማስረጊያ ይገለብጣል። ግማሹ ጫማው ላይ ይፈሳል። ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ታንክ ነው ወይስ ይህ ነው የሚያሰጋው?

አዲስ ገቢ፦ እኔ የማይገባኝ 1,000 ኪሎ ሜትር ያለ ማቋረጥ የመንዳቱ ፉክክር ነው። ተሳቢ የሚጎትት ሰው በየሁለት ሰዓቱ መውረድ፣ ጎማና ማሰሪያ መነካካት አለበት። ታንኩ ከአሽከርካሪው ፊኛ በላይ ቢይዝ ምን ጥቅም አለው?

የረጅም መንገድ አሽከርካሪ፦ ማረፍና መቅዳት የተለያዩ ናቸው ወንድሜ። ማረፊያ ጥላ ሥር ይገኛል፤ ናፍጣ ግን አይገኝም።

የተሽከርካሪ መሐንዲስ፦ የጀሪካኑን ነገር አልክድም። ስለዚህ ክልከላዬን ለናፍጣ አነሣለሁ፣ ምርመራውን ግን አልተውም። ክፍልፋዩ፣ ቫልቩና ማሰሪያው ይታይ፤ መኪናውም አክስል በአክስል ይመዘን።

የረጅም መንገድ አሽከርካሪ፦ ለእያንዳንዱ ታንክ ምርመራ? ወጪው ከታንኩ ይበልጣል፤ ሰው በጓሮ ያስገጥማል።

የብየዳ ባለሙያ፦ ጓሮ የሚሠራውን ታንክ ጠግኜ ስለማውቅ ከመሐንዲሱ ጋር ነኝ። ምርመራው ግን ለይስሙላ እንዳይሆን። ታንኩ ባዶ፣ ተሳቢው ቤት ቀርቶ ተመዝኖ የሚያልፍ መኪና አይቻለሁ። ሁለቱም ታንኮች ሞልተው፣ ተሳቢው ታስሮ፣ ሰዎቹ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ይመዘን።