ትንንሽ ልጆችን ከሆያ ሆዬ ማስቀረት፦ የባሕር ዳር ወላጆች ክርክር

እናት፣ ሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ የቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ማታ፣ ልጄን ሆያ ሆዬ አላወጣውም። ስድስት ዓመቱ ነው። አምና የሰፈር ልጆች ይዘውት ወጡና ስንፈልገው አመሸን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ከማላውቀው ሰው ግቢ በር ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲያለቅስ አገኘሁት። ትልልቆቹ የሰበሰቡትን ብር ተካፍለው ጥለውት ሄደዋል። እኔን ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም። በዚያ ጨለማ በር ከፍቶ "ግቡ" የሚላቸው ሰው ማን እንደሆነ አለማወቄ ነው። እናቴ ግን "ልጁን ከእኩዮቹ አጎደልሽው" ብላ ተቀይማኛለች። እውነት በደልኩት? እስቲ ፍረዱኝ።

አባት፣ አባይ ማዶ፦
እህቴ፣ ድንጋጤሽ ይገባኛል። ግን ልጁን ጥለውት የሄዱት ልጆች ናቸው ያጠፉት፤ ሆያ ሆዬ ምን አጠፋ? እኛ ቡሄ ሳይደርስ ከሐምሌ ጀምሮ ቃጫ እየፈለግን ጅራፍ ስንገምድ ነው የምንከርመው። እኔ ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። አንድ ዓመት ግጥም አውራጃችን ታሞ ቀረና "አንተ አውርድ" አሉኝ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ጀመርኩ፤ እነሱ "ሆ" ብለው ሲቀበሉኝ ጉልበት አገኘሁ። በሰው ፊት መናገር የተማርኩት ያን ማታ ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ መለመን፣ ሲሰጡም መርቆ መሄድ፣ ሳይሰጡም ሳይቀየሙ ማለፍ፣ ያገኙትን እኩል መካፈል፣ ይህን የትኛው ክፍል ውስጥ ነው የሚማረው? ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ይወጣል።

የሙአለ ሕፃናት መምህርት፦
ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ልጆቹን ቀን በቀን ስለማያቸው አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ነሐሴ መግቢያ ላይ ከተማችን ውስጥ ምን ዓይነት ተኩስ እንደሰማን ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ የነበረ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሁለት ዓመት አልፎት እንኳ፣ ከአጥር ውጭ ጅራፍ ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እናቱ "ዘንድሮ ቡሄ የለም" ብትል ማን ይፈርድባታል? ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የጅራፍ ጫፍ ዓይን የነካቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ ደግሞ ወላጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ባለሱቅ፣ ገበያው አካባቢ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ። ትንሽ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ወጥቻለሁ፤ አባቴ አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። የራሴን ልጆች ግን አላወጣም። በዓሉ የእምነታችሁ በዓል ነው፤ ልጆቼ የእኔን እምነት ይዘው እንዲያድጉ እፈልጋለሁ። ይህን ስል ጥላቻ የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ለቡሄ ልጆች የሚሰጥ ዳቦ ሱቄ ውስጥ በየዓመቱ አስቀምጣለሁ፤ ለአረፋ ደግሞ የጎረቤት ልጆች እኔ ቤት ናቸው። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ልጄ ክረምት የሚማርበት ትምህርት ቤት "ሁሉም ልጅ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጅራፍ ይዞ ይምጣ" አለ። አልላክሁትም። በማግስቱ "አንተ ለምን ቀረህ?" ብለው ክፍሉ ፊት ጠየቁት። የስምንት ዓመት ልጅ ስለ አባቱ ውሳኔ ክፍል ፊት መልስ መስጠት የለበትም።

አባት፣ አባይ ማዶ፦
በዚህስ ልክ ነህ ወንድሜ። ያ ትምህርት ቤት አጥፍቷል።

የልጅ ልጆች አያት፦
ልጆቼ፣ እኔ በዱሮው ልናገር። ሙልሙል የሚጋገረው በቤቱ ወንድ ልጅ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ለሚመጣው ልጅ ይጨመራል። እኛ ቤት አንድ ምጣድ ተጋግሮ አይበቃም ነበር። አሁን ሰፈሩ ሁሉ የብረት በር ሆኗል። አምና ሃያ ሙልሙል ጋግሬ የመጡት አራት ልጆች ናቸው። ሌሎቹ በየበሩ በጥበቃ ሲባረሩ በመስኮት አይቻለሁ። እናንተ ልጆቹ ይውጡ አይውጡ ትላላችሁ፤ እኔ ደግሞ በሩን የሚከፍተው ማነው እላለሁ። ቡሄ ካለ የለም ክረምት ስንል ያደግነው እነዚያ ሕፃናት ደጃችን ሲመጡ ልባችን ስለሚበራ ነው። የቀረው ዳቦ ሦስት ቀን ቆይቶ ሲደርቅ ማየት ያሳዝናል።

የሁለት ሴቶች ልጆች እናት፣ ግሽ አባይ፦
እማማ፣ በሩ የተዘጋው በትንንሾቹ አይደለም። ባጃጅ አስቁመው ካልሰጣችሁ አናሳልፍም የሚሉ ጎረምሶች ናቸው ሰውን ያስመረሩት። ሕፃኑ ደግሞ በእነሱ ዳፋ ይባረራል። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ስለ ወንዶቹ ይህን ያህል ስንነጋገር፣ መስከረም 1 አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ የሚሉ ሴቶች ልጆቻችንንስ? የማናውቀው ግቢ ውስጥ ገብተው የሚጨፍሩት እነሱም ናቸው። ለሴት ልጅ "ትንሽ ናት፣ ትጫወት" ብለን ዝም እንላለን። እኔ ሴቶች ልጆቼን የምልከው የማውቃቸው ቤቶች ብቻ ነው። ያንንም ቆሜ እያየሁ።

የቀድሞ የአብነት ተማሪ፣ ዘጌ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ደብረ ታቦር ለእኛ ለአብነት ተማሪዎች ትልቁ በዓላችን ነበር፤ ከየመንደሩ እህል ለምነን፣ ጠላ ጠምቀን ሕዝቡን የምንጋብዝበት ቀን ነው። ስለዚህ ልመናው ነውር ነው ለሚል ሰው፣ ልመናው ተመልሶ ድግስ ይሆን እንደነበር ላስታውሰው። ጊዜውም ፍልሰታ ስለሆነ ሙልሙሉ የጾም ዳቦ ነው። የጅራፉ ድምፅ የአብን ድምፅ ያስታውሳል ይባላል።

ግን በትውፊቱ ውስጥ የዘነጋነው ነገር አለ። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ፣ በአካባቢው የነበሩ እረኞች ገና ቀን መስሏቸው ከከብቶቻቸው ጋር እዚያው ቀሩ። ልጆቹ ሲዘገዩባቸው ወላጆች ዳቦ ይዘው፣ ችቦ አብርተው ፍለጋ ወጡ። እንግዲህ አስቡት፤ ዳቦውንም ችቦውንም የያዘው ወላጅ ነው። ዛሬ ልጁን በጨለማ እንልካለን፣ እኛ ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጣለን። አንቺ እህቴ፣ አምና ልጅሽን ፍለጋ የወጣሽበት ሌሊት ከበዓሉ ያራቀሽ መሰለሽ። እኔ ግን የቡሄን ወግ የፈጸመ ሰው አንቺ ነበርሽ እላለሁ።

እናት፣ ሽምብጥ፦
ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እንዲህ አስቤው አላውቅም። እንግዲያው ብቻውን አይወጣም የሚለው እንዳለ ነው፤ ከእኔ ጋር ግን ይወጣል። አምስት ቤት፣ የማውቃቸው ቤቶች። እማማ፣ የእርስዎ ቤት አንዱ ይሁንልኝ? ችቦውን እኔ እይዛለሁ።

አባት፣ አባይ ማዶ፦
ደስ ይላል። ግን ልንገርሽ፣ እናት መሃላቸው ከቆመች ልጆቹ በነፃነት አይጫወቱም። እርስ በርስ መመካከር፣ አውራጅ መምረጥ፣ መጣላትና መታረቅ የሚኖረው ትልቅ ሰው ሲርቅ ነው። እኔ የምከተለው ከሃያ እርምጃ በኋላ ሆኜ ነው።

የሙአለ ሕፃናት መምህርት፦
ለሰባት ዓመት ልጅ ሃያ እርምጃ ይሁን። ለስድስት ዓመቱ፣ ያውም አምና ለተደናገጠ ልጅ፣ እጁን ይዛ ትሂድ። ከርሞ ትለቀዋለች።

አባት፣ አባይ ማዶ፦
እኔ አሁንም ሃያ እርምጃ እላለሁ።

ባለሱቅ፣ ገበያው አካባቢ፦
የእኔ ልጆች አይወጡም፤ በዚህ አትቀየሙኝ። ከአምስቱ ቤት አንዱ ሱቄ ይሁን። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ነኝ፤ መብራትም አለ።

የልጅ ልጆች አያት፦
እኔ ጋ ከአንድ ሰዓት በፊት ኑ፤ በጊዜ ነው የምተኛ። ስንት ልጅ እንደሆናችሁ አንድ ቀን አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ዱቄቱን በዚያው ልክ ላቡካው። ያቺ አስተማሪ ያለችው ዓይነት ጅራፍ የሚፈራ ልጅ ካለም አምጡት፤ ደጄ ላይ እንዳያጮሁበት ለሌሎቹ አስቀድማችሁ ንገሩልኝ።