«የፊቱን ማን ያየዋል?» የአርባው ላንድክሩዘር ዲፈረንሻል ክርክር

ባለ አርባ፦ አንድ ሰውዬ በቪዲዮ ቀርቦ አርባ ላንድክሩዘር፣ ያ የድሮው የቶዮታ 40 ሲሪስ፣ ላላቸው ሰዎች ምክር ሲለግስ ሰማሁት። «ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ካስቸገራችሁ የኋላውን 4.11 ዲፈረንሻል አውጡና 3.70 አስገቡ። አለቀ። የፊቱን ማን ያየዋል?» ይላል። ዲፈረንሻል ማለት የዘንጉን ዙር ለጎማዎቹ የሚያደርሰው የጥርስ ቤት ነው፤ ቁጥሩ ጎማው አንዴ እንዲዞር ዘንጉ ስንቴ እንደሚዞር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሞተሩ ረጋ ይላል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከስር ያ ሁሉ ሰው «ተባረክ» ሲለው ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። የፊቱን ማን ያየዋል? ፎርዊል ያስገባህ ቀን፣ አራቱም ጎማ ሲገፋ፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ትራንስፈር ያየዋል፣ የዘንጉ መታጠፊያ ክሮቼራው ያየዋል፣ ከዚያ ኪስህ ያየዋል።

አባ ናፍጣ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሰውዬው የሚያወራው ስለ አስፋልት ነው። አስፋልት ላይ የሚገፋው የኋላው ብቻ ነው፤ የፊቱ ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት ዲፈረንሻል 4.11 ሆነ 3.70 እውነትም ማን ያየዋል? እስቲ ሳትዋሽ ንገረን፤ ባለፈው አንድ ዓመት ስንቴ ፎርዊል አስገባህ?

ባለ አርባ፦ ሦስቴ። ሦስቴም ያለሱ አልወጣም ነበር።

ጎማ ቆጣሪ፦ ስድብ ሳይጀመር ሒሳቡን ላስቀምጥ። የዚህ መኪና ትራንስፈር መሀሉ ላይ ዲፈረንሻል የለውም። ፎርዊል ሲገባ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ዘንጎች ይታሰራሉ፤ የግድ እኩል ይዞራሉ። ኋላው 3.70፣ ፊቱ 4.11 ከሆነ የኋላ ጎማ 100 ሜትር ሲሄድ የፊቱ «እኔ 90 ነው የምሄደው» ይላል። 10 ሜትሯ የት ትግባ? ወይ ጎማ ይንሸራተታል፣ ወይ ብረት ይጠማዘዛል።

አባ ናፍጣ፦ ጭቃ ላይ ይንሸራተታላ! ፎርዊል የሚገባው ጭቃ ላይ አይደል እንዴ? ደግሞ ትራክተር አይታችሁ አታውቁም? የፊትና የኋላ ጎማው ፍጥነት እኩል አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ያንን የሠራ መሐንዲስ ከእናንተ አያንስም።

ጎማ ቆጣሪ፦ ትራክተር ላይ የሚቀድመው የፊቱ ነው፤ ያውም ከ1 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። እንዲጎትት ተብሎ ነው። ያንተኛው የፊቱን በ10 በመቶ ያዘገየዋል። ጭቃ ውስጥ ኋላው ሲገፋ ፊቱ ፍሬን ይዞ ይጠብቅሃል።

ቀዩ ፍሬቻ፦ መላ አለኝ። ኋላ 30 ኢንች ጎማ፣ ፊት 33 ኢንች ግጠሙ። ሒሳቡ ቁጭ ይላል። አፍንጫውን ሰማይ ላይ የሰቀለ ትራክተር ይወጣችኋል።

ጭቃ ወዳድ፦ ቀልዱ ይቅር። «የፊቱን ማን ያየዋል» የሚል ሰው ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና አይገባውም፤ ሄዶ ቪትዝ ይግዛ። እኔ አርባዬን ስገዛ የኋላው ዲፈረንሻል ተበልቶ ነበር። ከሌላ መኪና የወረደ አመጣሁ። ከመገጠሙ በፊት መሬት ቁጭ ብዬ ኮሮናውን፣ ውስጡ ያለውን ትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት፣ ጥርስ በጥርስ ቆጠርኩ። 37! 4.11 ማለት ነው። ይኸው ፊትም ኋላም አንድ ሆኖ ፎርዊል እንደ ልቤ ነው። ያስቸገረኝ ክሮቼራ ብቻ ነው፤ በአንድ ዓመት ሁለቴ ተሰበረብኝ። የዘንድሮ ዕቃ መቼም ጥራት የለውም።

ሠላሳ ሦስት፦ ሁላችሁም 3.70፣ 4.11 ትላላችሁ፤ ጎማህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ከ29 ወደ 33 ኢንች ጎማ ስታድግ 4.11ዱ ሳትነካው 3.61 እንደማለት ይሆናል። ሰውዬው እላዩ ላይ 3.70 ጨምሩበት እያለ ነው። በዚያ ላይ ዳገት ሲመጣ አራተኛ ማርሽ ጌጥ ይሆናል። 33 ጎማ ያለው ሰው 4.88 ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱም ጋ!

አባ ናፍጣ፦ 4.88? ሞተሩን ልታፈነዳው ነው?

ሠላሳ ሦስት፦ አራተኛው ቀጥታ፣ አንድ ለአንድ፣ ማርሽ ነው፤ ራስህ አስላው። በ33 ጎማ፣ በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ 3.70 በደቂቃ 2,340 ዙር ገደማ ይሰጥሃል። 4.11 2,600። 4.88 3,090። ፈነዳ?

አባ ናፍጣ፦ የኔ ናፍጣ 3,090 ላይ ጥርሴን ያራግፈዋል። የቤንዚን ሰዎች ነገራችሁ ሁሉ ጩኸት ነው።

ባለ አርባ፦ ናፍጣው ምን አገባው አሁን?

አባ ናፍጣ፦ ዲፈረንሻል የሚመረጠው ለሞተር ነዋ! የእናንተ የቤንዚን ሞተር ቱኤፍም (2F) ቢሆን 4.2 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ ጫፍ የሚደርሰው 1,800 ዙር አካባቢ ነው። ዝቅ ብሎ የሚጎትት ሞተር ይዘህ 3,000 ላይ ማስጮህ ምን ይባላል? ደግሞ የ4.88 ፒኞን፣ ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ 8 ጥርስ ብቻ ነው፤ የ3.70ው 10 ነው። የትኛው ይጠነክራል?

ሠላሳ ሦስት፦ ቋጥኝ ላይ ስትወጣ ፒኞን አትቆጥርም። አንደኛ ማርሽ 3.55፣ ትራንስፈሩ ሎው ላይ 1.96። ከ4.88 ጋር አባዛው፤ 34 ይመጣል። ከ3.70 ጋር 26 እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን ፍሪሲዮንህን ጠይቀው።

ቀዩ ፍሬቻ፦ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። «ከፍ ያለ ዲፈረንሻል» ሲባል ቁጥሩ ከፍ ያለው ነው ወይስ ፍጥነቱ?

ባለ አርባ፦ ቁጥሩ።

አባ ናፍጣ፦ ፍጥነቱ እንጂ!

ቀዩ ፍሬቻ፦ እሺ፣ አልጠየቅሁም በሉት።

ባለ አርባ፦ ወደ ጉዳያችን። ጩኸት ለመቀነስ የግድ ዲፈረንሻል መንካት የለብህም። ባለ አምስት ማርሹን ካምቢዮ ግጠም። የአምስተኛው ማርሽ ቁጥር ከአንድ በታች ስለሆነ መንገድ ላይ ዙሩ ወደ 15 በመቶ ይወርዳል፤ ፊትና ኋላህም እንደተስማሙ ይቀራሉ። ያ ሰውዬ ይህን ባወራ ማን ይጣላው ነበር? እሱ ግን «የፊቱን ማን ያየዋል»።

አባ ናፍጣ፦ አቤት፣ ያቺን ቃል አንቀህ ያዝካት! ሁለቱንም መቀየር እኮ ሥራው እጥፍ ነው። ሁሉም ሰው ጋራዥ ውስጥ አልተወለደም።

እጀ ዘይት፦ ሥራው እጥፍ መሆኑ እውነት ነው። ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ነው። ፒኞኑን በሺም፣ በስስ የብረት ቀለበት፣ ከፍ ዝቅ እያደረግህ ትሞክራለህ። ኮሮናው ጥርስ ላይ ቀለም ቀብተህ በእጅ ታዞራለህ፤ ከዚያ ቀለሙ የት ጋ እንደተጠረገ ታያለህ። መሀል ላይ ካረፈ ጥሩ። ጫፍ ወይ ሥር ላይ ካረፈ ፈትተህ ሺም ትቀይርና እንደገና ትገጥማለህ። አንድ ቀን ሰባት ጊዜ ፈትቻለሁ፤ በስድስተኛው ይበቃል ብዬ ዘግቼው ቢሆን ኖሮ መኪናው ዕድሜ ልኩን ያፏጭ ነበር። የጥርሶቹ ክፍተት የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ቢደርስ ነው። ኩሽኔታውም ልኩን ይዞ መጥበቅ አለበት። አዲስ ጥርስ ደግሞ ወዲያው ጭነት አይጫንበትም፤ ትንሽ ተነድቶ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይነዳል። መጀመሪያ 800 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱ ይቀየራል። ስለዚህ አባ ናፍጣ፣ ስንፍናህ ይገባኛል። ምክንያትህ ግን አይገባኝም።

አባ ናፍጣ፦ ስንፍና አልክ? ጋሼ፣ እድሜዎን አከብራለሁ እንጂ መልስ ነበረኝ።

እጀ ዘይት፦ ጭቃ ወዳድ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፒኞኑን ቆጥረሃል?

ጭቃ ወዳድ፦ ፒኞን ምን ያደርግልኛል? ኮሮናው 37 ነው አልኩ እኮ።

እጀ ዘይት፦ የ3.70ም ኮሮና 37 ነው። 37 ለ9 ሲካፈል 4.11፤ 37 ለ10 ሲካፈል 3.70። ልዩነቷ ፒኞኑ ላይ ያለች አንዲት ጥርስ ናት።

ቀዩ ፍሬቻ፦ ኧረ ጉድ።

ጭቃ ወዳድ፦ አይሆንም። የሸጠኝ ሰው ራሱ 4.11 ነው ብሎኛል።

እጀ ዘይት፦ መክፈት አያስፈልግህም። ካምቢዮውን ዜሮ አድርግ፤ የፊት ጎማዎች ላይ ድንጋይ ደግፍ። የኋላውን አንድ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳ። ጎማውና ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙረህ ዘንጉ ስንት እንደዞረ ቁጠር። አራት አልፎ ትንሽ ከሄደ 4.11 ነው።

ባለ አርባ፦ ክሮቼራው ሁለቴ ተሰበረ ነው ያልከን?

ጭቃ ወዳድ፦ ያ የዕቃው ጥራት ነው! ቆይ፣ አሁኑኑ ወርጄ አሳያችኋለሁ።

ሠላሳ ሦስት፦ እሱ እስኪመለስ፣ 4.88 ፒኞን ይሰበራል ያለው ሰው በ33 ጎማ ስንት ሰብሮ አይቷል?

አባ ናፍጣ፦ ተመለስክ ደግሞ? 33 ጎማ ካላደረግህ 4.88 አያስፈልግህም፤ 33 ማድረግህ ነው ጥፋቱ።

ጭቃ ወዳድ፦ ቆጠርኩ። ሦስት ከግማሽ አለፈ። አራት አልሞላም።

ጎማ ቆጣሪ፦ 3.70 ነዋ።

ጭቃ ወዳድ፦ ጠመኔው ተጠርጎ ሊሆን ይችላል። ሦስቴ ነው የቆጠርኩት ግን።

እጀ ዘይት፦ የፊቱንስ?

ጭቃ ወዳድ፦ መሽቷል። የፊቱን አላየሁትም።

አባ ናፍጣ፦ ተወው ወንድሜ። ማን ያየዋል?