በድፍርስ ውሃ ውስጥ የተዘረጋ ቱቦን በሮቦት ማየት፦ የባህሩ አሠራር ለጣና ይሆናል?

ቀሀ_ማዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ያለን አምስት ልጆች ነን። ጎርጎራ በኩል ከጣና ውሃ የሚስብ የመስኖ ፓምፕ አለ፤ የመሳቢያውን የብረት ቱቦ በሮቦት ልናይ ነው። ቱቦው ከዳር 60 ሜትር ገደማ ይገባል፣ ጫፉ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ያሰብነው፦ አራት የ12 ቮልት የጀልባ ውሃ ማውጫ ሞተሮች፣ ባትሪው ዳር ቀርቶ ኃይል በ70 ሜትር ገመድ (1.5 ካሬ ሚሊሜትር)፣ ካሜራ በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ፣ የጥልቀት ሴንሰር፣ ዲጂታል ኮምፓስ። ይሄ የት ላይ ይወድቃል? ደግሞስ የባህር ውስጥ የነዳጅና የጋዝ ቱቦ የሚፈትሹት ምን ምን ያያሉ፣ እኛ ከዚያ የቱን እንውሰድ?

ሰርኪዩት፦
መጀመሪያ የሚወድቀው ኃይሉ ነው። 70 ሜትር ገመድ ሄዶ ሲመለስ 140 ሜትር መዳብ ነው፤ በእናንተ ሽቦ ውፍረት 1.6 ኦም ገደማ። ወዲያ ጫፍ ላይ ሁለቱን ሽቦ ብታነካኩ እንኳ ከ12 ቮልት የሚያልፈው 7 አምፔር ተኩል አይሞላም። ቤት ውስጥ በአጭር ሽቦ ስትሞክሩት ይሽከረከራል፤ በረጅሙ ግን ያቃስታል፣ ሞተር በተነሳ ቁጥርም ካሜራው ይጠፋል።

ወይ 14.8 ቮልት ሊትየም ባትሪ ሮቦቱ ላይ ጫኑ፣ ወይ ከዳር 48 ቮልት ልካችሁ እታች ወደ 12 አውርዱት። 120 ዋት በ48 ቮልት 2.5 አምፔር ነው፤ መንገድ ላይ የሚቀረው 4 ቮልት ብቻ። 48ቱም ከባትሪ ይምጣ እንጂ ከግድግዳ ሶኬት አይሁን፣ ውሃ ዳር ናችሁ። እኔ ባትሪውን መጫን እመርጣለሁ፤ ወፍራም ገመድ ትንሽ ሮቦትን እንደ ታሰረ ጥጃ ይይዘዋል። ለምስሉ ተራ የኔትወርክ ገመድ ይበቃል፣ ወሰኑ 100 ሜትር ነው። ስለሚሰጥም ግን በየሜትሩ ውሃ የማይጠጣ ፎም ይታሰርበት።

ጉዛራ፦
የጥልቀት ሴንሰሩ ላይ ተጠንቀቁ። ሴንሰሩ የሚለካው ግፊት ነው፤ ሶፍትዌሩ አየሩን እንደ ባህር ወለል 1013 ሚሊባር አድርጎ ከቆጠረ ጣና ላይ ይሳሳታል። እዚያ ከፍታው 1,790 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ወደ 815 ሚሊባር ነው። ልዩነቱ 2 ሜትር ውሃ ያህላል፤ ገና ውሃው ገጽ ላይ ሳላችሁ «−2 ሜትር» ይላችኋል፣ 5 ሜትሩንም 3 ያደርገዋል። ዜሮ የሚደረገው ጎርጎራ ዳር ላይ ነው። ጎንደር ቤታችሁ አድርጋችሁ ከወረዳችሁ በከፍታው ልዩነት ብቻ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ይዛባል። የውሃውንም ጥግግት ከ1.024 (ጨዋማ) ወደ 1.0 ቀይሩት።

ኮምፓሱን እርሱት። የብረት ቱቦ አጠገብ ንባቡ ይዛባል፤ ሞተሮቹም ይረብሹታል። አቅጣጫ በጃይሮ (መዞርን በሚለካ ሴንሰር) ያዙ፣ ርቀቱን ደግሞ ገመዱ ላይ በየሜትሩ ቀለም ቀብታችሁ ቁጠሩ። ጂፒኤስ ውሃ ውስጥ አይሠራም።

ደንቢያ፦
የባህሩን ጥያቄ ልመልስ። እዚያ ሮቦቱ ቱቦውን እየተከተለ አንድ ካሜራ ከላይ፣ ሁለት ካሜራ ደግሞ በክንድ ግራና ቀኝ ይዞ ይሄዳል። የሚፈልገው ከሥሩ አሸዋው ታጥቦ ተንጠልጥሎ የቀረ ቦታ፣ ልባስ የተላጠበት፣ መልሕቅ ወይም መረብ የመታው፣ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ነው። የተቀበረውን ክፍል በመግነጢሳዊ መፈለጊያ ያገኘዋል። ብረቱ ላይ የተለጠፉት አኖዶች (በቱቦው ፈንታ እንዲበሉ የተደረጉ የብረት ቁራጮች) ምን ያህል እንደተበሉም ያያል፤ በሹል መንኪያ ነክቶ ቮልቴጁን ይለካል። በባህር ውሃ፣ በብር ክሎራይድ ማመሳከሪያ (ቮልቴጁ የሚነጻጸርበት ኤሌክትሮድ)፣ −800 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ የበለጠ አሉታዊ ከሆነ ብረቱ ተጠብቋል ይባላል።

ይሄን ቁጥር እንዳለ ወደ ጣና አታምጡት። የጣና ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፣ ማመሳከሪያውም ሌላ ነው፦ የመዳብ ሰልፌት፣ −850 ሚሊቮልት። ቱቦው ጭራሽ አኖድ ከሌለው ግን መለካቱ ትርፍ የለውም፤ ገንዘቡን የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ላይ አውሉት። የተንጠለጠለውን ቦታ ማየት ግን ለእናንተም ዋና ነው፤ መጋጠሚያ የሚሰበረው እዚያ ነው።

አሁን ማንም ያልነካው፦ ድፍርሱ። የተሻለ ካሜራ መግዛት አያድናችሁም። መብራት ካሜራው አጠገብ ካለ ደለሉን እያበራ ነጭ ጭጋግ ያሳያችኋል፤ ወደ ጎን አርቃችሁ በሰያፍ አብሩ። ከዚያ የሚሻለው ርካሽ ዘዴ ከካሜራው ፊት በንጹሕ ውሃ የተሞላ ግልጽ ፕላስቲክ ሣጥን ማሰር ነው፤ ሣጥኑ ቱቦውን ሲነካ በመሀል ድፍርስ ውሃ አይቀርም። የምታዩት በእጅ መዳፍ ልክ ነው፣ ግን ዝገቱን ታነቡታላችሁ። ሮቦቱንም ከ50 እስከ 100 ግራም ተንሳፋፊ አድርጉት። ያኔ ወደ ታች ለመቆየት ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከባድ ከሆነ ግን ወደ ታች እየገፋ ደለሉን ይበጠብጠዋል። ክረምት ላይ አትሞክሩት፤ በበጋ፣ ጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሳ። እምቦጭ ካለ ፕሮፔለሩን በወንፊት ሸፍኑ።

ቀሀ_ማዶ፦
ተባረኩ። ባትሪው ይጫናል፣ ኮምፓሱ ወጥቷል። ፒቪሲው 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቱቦ ነው፣ አንዱ ጫፍ በቡሎን የሚዘጋ። 5 ሜትር ላይ ይችላል? ፓምፑስ እየሠራ ብናየው፣ ባለቤቱ ማቆም ከብዶታል።

ደንቢያ፦
ፓምፑ ይቁም፣ ድርድር የለውም። የመሳቢያ አፍ ሮቦቱንም ገመዱንም ይውጣል። ሮቦቱ ሲያዝ «ገብቼ ላላቅቀው» የሚል ይመጣል፤ መምጠጡ ሰውን ከለጠፈ አይለቅም። ማብሪያው ተዘግቶ ይቆለፍ፣ ቁልፉ ገመድ በያዘው ሰው ኪስ ይሁን።

ሰርኪዩት፦
5 ሜትር ግማሽ ባር ነው፣ ቱቦው አይጨነቅም። የሚያፈሰው ክዳኑና ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ኦ-ሪንጉን (የክዳኑን የጎማ ቀለበት) በሲሊኮን ግሪስ ቅቡት፤ አንዲት ፀጉር ብትቀር ታፈሳለች። ሽቦው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ኢፖክሲውን (የሚጠነክረውን ሙጫ) ልባሱ ላይ ብቻ ማፍሰስ ነው። ልባሱ ከተቀደደ ውሃ በክሮቹ መሀል እየሳበ ሣጥኑ ውስጥ ይደርሳል። ቀዳዳው ውስጥ ባለው ክፍል ልባሱን ልጡና ክሮቹን በሽቦ መበየጃ (ሶልደር) በይዱ፣ ከዚያ ኢፖክሲ።

ከዚያ የቫኩም ሙከራ፦ አየሩን በእጅ ፓምፕ መለኪያው 10 ኢንች ሜርኩሪ እስኪያሳይ ሳቡና 15 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ከወረደ ቀዳዳ አለ። ካለፈ በኋላ ሮቶ ውስጥ ክብደቱን አስተካክሉ፤ የሮቶውም የጣናውም ጨው አልባ ውሃ ስለሆነ እዚያ የተስተካከለው ጎርጎራ ላይ አይለወጥም። ከመዝጋታችሁ በፊት ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ) ከረጢት ጣሉበት፣ አለዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው መስተዋቱ ከውስጥ ያልበዋል።