ገበያ ሲቀዘቅዝ ሽመናውን እንቀጥል ወይስ እንተው፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ዝግጅት

የማኅበሩ ጸሐፊ
የተከበራችሁ የሽመና ማኅበራችን አባላት፤ ባለፈው እሑድ የተሰበሰብነው መሸጫ ቤታችንን እንዝጋ ወይስ እንቀጥል የሚለውን ለመወሰን ቢሆንም፣ ሳንስማማ መለያየታችን ይታወሳል። ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ ስላለብን፣ እያንዳንዳችን አስተያየታችንን በጽሑፍ እንድናሰፍር ኮሚቴው ጠይቋል። አንዱ ወገን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ያለውን መሸጫ ቤት ለቀን የሸመንነውን ለነጋዴ እናስረክብ፣ ከኪራዩም እንገላገል ይላል፤ ሌላው ወገን ቤቱን ከለቀቅን በዋጋ ላይ የምንናገርበት አፍ አይኖረንም ይላል። ለመነሻ ያህል የሚከተለውን አስፍሬአለሁ፦ «ማኅበሩ መሸጫ ቤቱን ይዞ ይቀጥላል፤ ነገር ግን ገዢ ያላዘዘው የጥበብ ቀሚስ አይሸመንም።» ቃሉን አርሙት፣ ጨምሩበት፣ የማትስማሙም ምክንያታችሁን ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ
ከሁሉ በፊት «ገበያው ቀዘቀዘ» የምንለው አንድ ነገር እንዳልሆነ መለየት ይገባናል ብዬ አምናለሁ። የጥበብ ቀሚስ በዐቢይ ጾም አለመሸጡ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእነዚያ 55 ቀናት ሠርግ ስለሌለ፣ ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ መያዣ የሸጥነውን ይዘን እስከ ፋሲካ መቆየት የለመድነው ነው። የሚያሳስበኝ ሌላው መቀዝቀዝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባው ሐርና ሙካሽ (የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር) አብሮ ተወደደ፤ የገዢው ገቢ ግን በዚያ ልክ አላደገም። በዚህ ላይ ጥለቱ በማሽን የታተመበት የፋብሪካ ቀሚስ ከእኛው ደጃፍ አጠገብ ተሰቅሎ ይሸጣል። ለሦስት ልጆቿ የበዓል ልብስ መግዛት ያለባት እናት ሁለቱን አይታ ርካሹን ብትመርጥ ልንፈርድባት አይገባም።

ስለዚህ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚለው አባባል ተማምነን ቀሚስ ሸምነን መደርደራችን ገንዘባችንን አስሮብናል። በአሁኑ ሰዓት በመሸጫ ቤቱ 19 ያልተሸጡ ቀሚሶች አሉ፤ 11ዱ ካለፈው ጥምቀት የተረፉ ሲሆኑ የብዙዎቹ ሐር በብድር የተወሰደ ነው። በአንጻሩ ነጠላና ጋቢ ቀስ ብለው ቢሸጡም አልቆሙም። ወደ እንጦጦ ለጠበልና ለንግሥ የሚወጣ ምእመን ነጠላ ይገዛል፤ ክረምት ሲገባ፣ አራስ ስትጠየቅ፣ ልጅ ለአባቱ ስጦታ ሲፈልግ ጋቢ ይፈለጋል። ረቂቁን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ነጠላና ጋቢ ያለ ትእዛዝም እንደሚሸመኑ በግልጽ ይጻፍ።

ከመሥራች አባላት አንዱ፣ ሸማኔ
ረቂቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋናውን ቁስል አልነካም። አብዛኞቻችን ከዶርዜና ከጨንቻ የመጣን ነን፤ አዲስ አበባ የቱንም ያህል ብንቆይ ለመስቀል አገራችን ሳንገባ አንቀርም። የሰንጋው መዋጮ፣ ቅቤው፣ የመኪናው ዋጋ፣ የልጆቹ ልብስ ሁሉ በነሐሴና በጳጉሜን ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ ሁላችንም በአንድ ላይ ጥሬ ገንዘብ እንፈልጋለን። ነጋዴው ይህን እንደ እኛው ያውቃል። ሰኔ ላይ ጋቢያችንን በደህና ዋጋ ሊገዛ ይችል የነበረው ሰው እጁን አጣጥፎ ጳጉሜንን ይጠብቃል። ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ ሦስት ጋቢ ከክሩ ዋጋ እምብዛም ባልበለጠ ገንዘብ አስረክቤ ሄጃለሁ፤ የሸመንኩባቸው ቀናት ያለ ዋጋ ቀሩ። በዚያ ሳምንት የሠራሁትን ስህተት ዓመቱን ሙሉ እንድንሠራው ነው መሸጫ ቤቱን እንዝጋ ማለት።

ስለዚህ የመስቀል ቁጠባ እንዲጀመር እጠይቃለሁ። ከጥርና ከፋሲካ ሽያጭ ላይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት እየተቀነሰ በአባሉ ስም ይቀመጥና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይሰጠው። ገንዘቡ በእጁ ያለ ሸማኔ ጋቢውን በመሸጫ ቤቱ ትቶ በሰላም ይሄዳል፤ ሲመለስም በዋጋው ተሸጦ ያገኘዋል። ከዚህም ጋር፣ ወደ አገሩ የሚሄድ ሰው ተቀምጦ የሚሸምንበት ጉድጓድ ለሳምንታት ባዶ ስለሚቆም፣ በጳጉሜን ማንም በብድር ክር እንዳይወስድ ይታገድ።

ፈታይ እናት (የምናገረውን ልጄ ትጽፍልኛለች)
ልጆቼ፣ ስለ ዋጋ ስታወሩ የእኛን ድካም አልሰማሁም። በቁመት የሚዘረጋው ድር የፋብሪካ ክር ነው፤ በአግድም የሚገባው ማግ ግን የእኛ ነው። ጥጡን ዳምጬ፣ ነድፌ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትዬ ልቃቂቱን የማመጣላችሁ እኔ ነኝ፤ ጋቢ ደግሞ በአራት የሚደረብ ስለሆነ ከነጠላ ይልቅ ብዙ ማግ ይበላል። ሽያጭ በቀዘቀዘ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የፈታይ ክፍያ ነው። በቤታችሁ ድር የምታደራው፣ ማጉን በቀሰም የምታጠነጥነው ሚስታችሁስ ቀኗ ስንት ተብሎ ተቈጥሯል? ይህ ሁሉ ሳይቈጠር «ጋቢ አላተረፈም» ወይም «አተረፈ» ማለት ምን ትርጉም አለው? መጀመሪያ ሒሳቡን በትክክል አውጡ፤ ከዚያ በኋላ ተዉ ካላችሁኝ እኔም እንዝርቴን አስቀምጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ
እማማ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። እስከ አሁን የዋጋ ማውጫው ላይ የምጽፈው ክርን፣ የሸማኔውን ቀንና ኪራይን ብቻ ነበር። ማደራትና ማጠንጠን በቤት ውስጥ ስለሚሠሩ ዋጋ እንደሌላቸው አድርጌ አልፌአቸዋለሁ። ለሦስት ጋቢዎችና ለሁለት ነጠላዎች ከጥጡ እስከ ዘርፉ ያለውን ጊዜ ቀን በቀን መዝግበን እውነተኛ ዋጋቸውን አውጥቼ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። የሚወጣው ዋጋ ከነጋዴው ዋጋ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ለነጋዴ ማስረከብ ለምን እንደማያዋጣ የመሸጫ ቤቱን መዘጋት ለሚደግፉ ወንድሞቻችን በቍጥር ማሳየት ይቻላል።

ወጣት አባል
መሸጫ ቤቱ ይዘጋ ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ምክንያቴም ኪራዩ ነው እንጂ ሥራውን መጥላት አይደለም። ጋሼ ስለ መስቀል የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ከዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ከአውሮፓ ለእረፍት በብዛት የሚመጡት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይኸውም እኛ ገንዘብ በምናጣበትና ዕቃችንን በምናረክስበት ጊዜ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ልካቸውን፣ የጥለቱን ቀለምና ግማሽ ቀብድ በቴሌግራም ተቀብለን ብንሸምን፣ ሲመጡ ዕቃው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ እኛም ሐሩን በብድር አንገዛም። በስብሰባው ላይ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንላክ የተባለው ግን አሁን የሚሆን አይመስለኝም፤ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል (አጎዋ) ተጠቃሚነት ወጥታለች።

አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለኝ። ማጉም የፋብሪካ ክር የሆነ ነጠላ በርካሽ ብንሸምን ከታተመው ልብስ ጋር መወዳደር እንችላለን።

ከመሥራች አባላት አንዱ፣ ሸማኔ
በቀብዱ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በፋብሪካ ማግ ላይ ግን አልስማማም፤ በዋጋ ከማሽን ጋር ከገባን ማሽኑ ሁልጊዜ ያሸንፈናል። ገዢ ወደ እኛ የሚመጣው በታጠበ ቍጥር እየለሰለሰ የሚሄደውን የእጅ ፈትል ፈልጎ ነው። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ከተቀላቀሉ ስማችን ይጠፋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
እስከ አሁን የተሰጡትን አስተያየቶች አጣምሬ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ፦ «ማኅበሩ መሸጫ ቤቱን ይዞ ይቀጥላል። የጥበብ ቀሚስ የሚሸመነው ግማሽ ቀብድ ሲከፈል ብቻ ነው፤ የእጅ ፈትል ነጠላና ጋቢ ግን ያለ ትእዛዝ ይሸመናሉ። የዕቃው ዋጋ የፈታይን፣ የማደራትንና የማጠንጠንን ድካም ጨምሮ ይወጣል። ከጥርና ከፋሲካ ሽያጭ የመስቀል ቁጠባ ይቀነሳል፤ በጳጉሜን የክር ብድር አይሰጥም። ያልተሸጡት 19 ቀሚሶች ከእንቁጣጣሽ በፊት ከክራቸው ዋጋ ባላነሰ ይሸጣሉ።» የፋብሪካ ማግ ጉዳይ ስምምነት ስላላገኘ ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ፤ ወጣቱ አባላችን ከፈለገ በጉባኤው ላይ ለብቻው ሊያቀርበው ይችላል።

ከመሥራች አባላት አንዱ፣ ሸማኔ
አንድ አንቀጽ ይጨመርልኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ወጪ የሚቀነስበት አንድ ክፉ መንገድ አለ፤ ከጋሞ ደጋ «እናስተምራችኋለን» ተብለው የሚመጡ ሕፃናት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው የሚውሉበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችንም ከዚያ የወጣን ነን። በሕፃን ጉልበት የተሸመነ ዕቃ በመሸጫ ቤታችን አይገባም ተብሎ ይጻፍ፤ ይህን የጣሰ አባልም ዕቃውን ይዞ ይውጣ።

ወጣት አባል
ይህ አንቀጽ ይግባ። የፋብሪካ ማጉን ሐሳብ አንሥቻለሁ፤ በምትኩ የቀብዱን ትእዛዝ የመቀበሉን ሥራ እኔ ልውሰድ።

ፈታይ እናት
«ድካም» የሚለው ቃል «ክፍያ» ይባል። ድካማችሁን እናውቃለን ሲሉን ነው የኖርነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሁለቱም እርማቶች ገብተዋል። ገንዘብ ያዣችን የዋጋ ምዝገባውን ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ይጀምራል፤ መዝገቡ ሲጠናቀቅ ረቂቁን ከቍጥሩ ጋር አያይዤ ለጉባኤው አስገባለሁ። በምዝገባው ለመሳተፍ ፈቃደኛ የሆናችሁ ሦስት ሸማኔዎችና ሁለት ፈታዮች እስከ ቅዳሜ አሳውቁኝ።